የእኅቴ መድኃኒትና የባትሪው ቆጣሪ

ነፍሷን ይማረውና እኅቴ ሸዋዬ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። በመርፌ የምትወስደው መድኃኒት ሙቀት አይወድም፤ የእኛ ቆላ ደግሞ በግንቦት ያቃጥላል። በ2004 ዓ.ም. መድኃኒቱን የምታስቀምጥበት ትንሽ የሶላር ማቀዝቀዣ ንጋት ላይ እየጠፋ ያስቸግር ጀመር። ያላት መድኃኒት ሁሉ ሞቆ ተበላሸ። እኔና ባለቤቷ ጋሽ ወርቁ ሸዋ ሮቢት ገብተን ሌላ መድኃኒት ገዛን።

መድኃኒቱን በበረዶ ፔርሙስ ይዤ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ደጃፍ ስንደርስ፣ ደብረ ብርሃን ቴክኒክ ኮሌጅ የምትማረው የጋሽ ወርቁ ወንድም ልጅ ቅድስት ድንገት አገኘችን።

«የማቀዝቀዣው ሶላር ባትሪ ሞቷል፤ ሌላ ልገዛ ነው» አሏት ጋሽ ወርቁ።

«መሞቱን በምን አወቁ ጋሼ?»

«ቀን የባትሪው ጠቋሚ መብራት አረንጓዴ ነው። ሊነጋ ሲል ድርግም!»

«ቀን እኮ ፀሐይዋ እየሞላችው ነው። ያኔ የተራበ ባትሪም የጠገበ ይመስላል። ሳያረጋግጡ አይቅበሩት።» በሱቁ መስኮት ወደተደረደሩት ሦስት የባትሪ መለኪያዎች ጠቆመች። «ያ እርስዎ ቤት እንዳለው መብራት ብቻ ያሳያል። መካከለኛው የቮልቱን ቁጥር ይናገራል፤ ይሻላል፤ ግን ሲሞላ ከፍ፣ ሲሠራ ዝቅ እያለ ያሳስታል። ያኛው ቆጣሪ የገባውንና የወጣውን ይዞ የቀረውን በመቶኛ ይነግርዎታል። ማታ ስንት ስልክ ይሰካል ቤትዎ?»

«የመንደሩ ሁሉ ነዋ! የጎረቤቴን ስልክ ልቁጠር? ኮሌጁ ንፍገት ነው የሚያስተምረው?»

ፔርሙሱን ነቀነቅሁት። በረዶው ውሃ ሆኖ ይንቦጫረቃል። «ኧረ በእናታችሁ ፍጠኑ!» አልኩ።

ቅድስት ግን አልተወችም። «ውሃ በተራ የሚያዳርሱት የሽንኩርት መስኖው የውሃ አባት እርስዎ አይደሉ? አምና አባቴ ላይ ቦይ ዘግተው የለ?»

«ተራው አልነበረማ! ከታች ያሉት ይድረቅባቸው?»

«ተቀየመ?»

«ለምን ይቀየማል? ውሃው ማነሱን በዓይኑ አይቷል።»

«የባትሪውን ማነስ ግን ማንም አያይም። ከታች ያሉት እትዬ ሸዋዬ ናቸው ጋሼ። የሚደርቀው እሳቸው ላይ ነው።»

 ለወንድማቸው እንኳ ውሃ በተራ የሚያካፍሉት ጋሽ ወርቁ፣ የቤታቸውን መብራት ያለ ልክ ሲለቁ ደግነት መስሏቸው ነበር። ፔርሙሱን አዩና «ባለሱቁን ጥሪው። ቆጣሪው ይሁን» አሉ።

ቅድስት ቤት ድረስ አብራን መጥታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገጠመችው። ጎረቤታችን ከበደ እንደ ልማዱ ስልኩን ይዞ መጣ። ጋሽ ወርቁ ቁጥሩን አሳዩት። «ግማሽ አይሞላም። ማታ ተራው የመድኃኒቱ ነው። ቀትር ላይ ና፤ ያኔ ይተርፋል።»

«ደግሞ የመብራትም አባት ሾሙህ?» አለና እየሳቀ ተመለሰ።

ባትሪው አልሞተም ነበር፤ በየሌሊቱ በስልኮቹ እስኪሟጠጥ ይመጠጥ ነበር እንጂ። ስልኮቹ ወደ ቀን ሲዞሩ ማቀዝቀዣው ማደር ቻለ፤ ባትሪውም ለዓመታት አገለገለ። ጎረቤትም አልተለየንም። ሕመምተኛ ያለበት ቤት ይህን ቢያስብ መልካም ነው፦ አረንጓዴ መብራት ብቻ አይታመንም፤ የገባው ከወጣው ጋር ይቆጠር።

እኅቴን በኋላ የወሰዳት ሌላ ሕመም ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ማለዳ ተነሥታ ማቀዝቀዣውን ስትከፍት እንደ ድሮው «ሞቆ ይሆን?» ብላ ቀድማ አታማትብም ነበር።