አራት መነጽር ለእሁድ

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ይሁኔ! አንተ፣ እንዴት ጠፋህ! … ደኅና ነን፣ እግዜር ይመስገን። … ልጄም ደኅና ናት፣ አድጋለች። … ምን? … አልሰማህም፣ ይቆራረጣል። ቆይ ወደ በሩ ልውጣ።

ዓለሚቱ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ አጣብቃ፣ ሁለት እጇ ዣንጥላ እንደያዘ ወደ ሱቋ ደጃፍ ወጣች። ንፋስ መውጫ ከተማ ስልክ የሚሰማው ደጃፍ ላይ ነው፤ ደጃፍ ላይ ደግሞ ነፋሱ አለ። ሱቋ የሙሽራ ዕቃ ይሸጥባታል፤ ዣንጥላ፣ ጓንት፣ የጥፍር ቀለም፣ ጥቁር መነጽር። ባሏ ተስፋሁን “ለአንድ በጋ ብቻ” ብሎ ጣና ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ከሄደ በጋው ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ነገ ቅዳሜ ልጇን ቤተልሔምን ይዛ ወደ እሱ ወደ ባሕር ዳር ልትሄድ ነው። ሱቋን የሚረከቡት ጎረቤቷ እትዬ ደጊቱ በርጩማ ላይ ቆመው መደርደሪያውን እያራገፉ ነበር።

የደወለው ይሁኔ ከባሏ ጋር በአንድ ጀልባ የሚሠራ፣ በሠርጋቸውም አንደኛ ሚዜ የነበረ ሰው ነው። በጋይንት አንደኛ ሚዜ በልቶ ጠጥቶ የሚሄድ እንግዳ አይደለም፤ በሙሽራዪቱ አባት ፊት “ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ናት” ብሎ ቃል ይገባል። ብዙዎቹ ዳሱ ሲፈርስ ቃሉንም አብረው ይረሱታል።

— አሁን ይሰማል? … እሺ። እኔ እኮ ነገ መምጣቴ ነው። … አዎ፣ ነገ፣ በጠዋቱ ሚኒባስ። ሱቁንም ለእትዬ ደጊቱ እያስረከብኩ ነው። … እህ? … መነጽር?

— የፀሐይ መነጽር። … ለዓሣ ማጥመጃ። … ለጀልባም። እሰይ! ዓይን እንዳላችሁ አሁን ትዝ አላችሁ? ተስፋሁንን ስንት ጊዜ ነገርኩት። ዓይኑ ዛሬም እንባ ያቀራል? … እኮ። ምን ያድርግ፤ ከላይ ፀሐይ፣ ከውኃው ላይ ደግሞ ሌላ ፀሐይ።

— እንግዲያው ስማኝ። ጥቁር ነው ብለህ ብቻ እንዳትገዛ። … አይደለም! እንዲያውም ክፉው እሱ ነው። ዓይንህ ጨለመ ብሎ ይከፈታል፤ ጨረሩ ያኔ ዘው ይላል። የምትፈልገው ፖላራይዝድ የሚባለውን ነው። … ፖ-ላ-ራይዝድ። … ስሙ ምን ያደርግልሃል፣ ሥራውን ልንገርህ። የውኃውን ብልጭልጭታ ይቆርጠዋል። ላዩ ላይ የሚንቦገቦገው ሲጠፋልህ ታችኛው ይታያል፤ ድንጋዩም፣ መረቡም፣ ቆሮሶ የምትሉት ዓሣም።

— በምን አውቀዋለሁ? በስልክህ። … አዎ፣ በዚሁ በምታናግረኝ። መነጽሩን ታደርግና ስልኩን አብርተህ ቀስ እያልክ ታዞረዋለህ። ከጠቆረብህ እውነተኛ ነው። ካልጠቆረ ተራ ጠርሙስ ነው። … እኔማ በምን አወቅኩ! ከአዲስ አበባ አንድ ካርቶን ገብቶልኝ ነበር። ሙሽሮቹ ሁሉ አድርገው ስልካቸውን ያዩና “ይሄ ብልሹ ነው፣ ስልክ ያጠፋል” ብለው መለሱልኝ። እኔም ለነጋዴው መለስኩለት፤ ተሳድቤ ነው የመለስኩለት። አንዷ ቀርታ ኖሮ፣ ኋላ አድርጌያት ልብስ የማጥብበትን ሳፋ ባይ፣ ከጠፋ የሰነበተው ጉትቻዬ ታች ተኝቶ ታየኝ። … ትስቃለህ? እኔማ ነጋዴውን ይቅርታ ልጠይቅ ብደውል አላነሳም።

— እሷን ለተስፋሁን አስቀምጫታለሁ። ነገ ይዤለት እመጣለሁ፤ እንዳትነግረው።

— ሄሎ? … ኔትወርኩ መስሎኝ። … እሺ፣ ቀለሙን ልንገርህ። ግራጫው ለጠራ ቀን፣ ለመሀል ሐይቅ ነው። ጣና ግን ድፍርስ ነው ትሉኝ የለ? ለድፍርስ ውኃ ቡናማው ይሻላል። ፍሬሙ ብረት አይሁን፤ ፀሐይ ላይ ይፋጃል። ቀለል ያለ፣ ጎን ጎኑን የሚሸፍን ይሁን፤ ብርሃን በጎንም ሰርቆ ይገባል። ከኋላው ክር እሰርበት፤ ጎንበስ ስትል ጣና ከወሰደው አይመልስልህም።

— እትዬ ደጊቱ፣ ያን ካርቶን አይክፈቱት፣ ጓንት ነው፣ ይቆሽሻል! … ቤቲ! አንቺ! የአባትሽን መነጽር አውልቂ፣ ትወድቂያለሽ! … ይቅርታ ይሁኔ፣ ይቺ ልጅ ናት። ያን ተስፋሁን ለሠርጋችን ያደረገውን ታውቀው የለ? ቀኑን ሙሉ አፍንጫዋ ላይ ነው። በማግስቱ ተቀምጬበት አንዱ መስታወቱ ተሰንጥቆ ነበር፤ ጣይው ብላት ታለቅሳለች። “አባባ አባባ ይሸታል” ትላለች። ፕላስቲክ ምን ይሸታል?

— እሺ፣ ስንት ልያዝልህ? … አራት። … ሦስቱ አንድ ዓይነት። … አንዱስ? … ወርቃማ ያለበት። … ለካፒቴኑ። … አሃ።

ዓለሚቱ ዣንጥላዎቹን ደጃፉ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሦስት አንድ ዓይነት፣ አንድ ወርቃማ። ጥር ከገባ ጀምሮ ስትሰማው የከረመችው ትእዛዝ ነው፤ ያዘዟት ግን ሙሽሮች እንጂ ዓሣ አጥማጆች አልነበሩም።

— ጀልባችሁ ስንት ሰው ነው የምትይዘው? … ሁለት። … ሌሎቹ ሁለቱ ታዲያ ውኃው ላይ ቆመው ነው የሚያጠምዱት? … አይ፣ መጠየቄ ነው። ነጋዴ ይጠይቃል።

— ለመቼ ነው? … ለእሁድ። … ለዚህ ለእሁድ? ይሁኔ፣ እሁድ ማጥመድ ጀመራችሁ እንዴ? … እኮ። ደግሞ ዓሣ የሚፈለገው ጾም ሲገባ ነው። ከተሜው በጾም ዓሣ ይበላል ብለህ የነገርከኝ አንተ አይደለህም? ለቄስ ተክለሃይማኖት ነግሬያቸው እግዚኦ እያሉ የሄዱትን? ጾሙ ገና ነው። አሁን የሥጋ ጊዜ ነው፣ የሠርግ ጊዜ። ምን አጣደፋችሁ?



— ቡናማ ይሁን ግራጫ? … ማንኛውም ይሆናል። … ብቻ ፎቶ ላይ እንዲያምር። … ይሁኔ፣ ውኃ የሚያይ ሰው እኮ ቀለም ይመርጣል።

በአገሩ መርዶ የሚያረዳ ሰው ነገሩን ፊት ለፊት አይናገርም። ስለ አዝመራው ይጠይቃል፣ ስለ በሬው ጤንነት ይጠይቃል፣ መንገዱን ያማርራል፤ ሰሚው ራሱ እስኪደርስበት እንዲህ እያለ ዙሪያውን ይዞራል። ይሁኔ ሐይቅ ዳር ቢከርምም ይህን ወግ አልረሳውም። በበሬው ፋንታ መነጽር አገባበት እንጂ።

— ይሁኔ። አንደኛ ሚዜው አንተ ነህ?

— አትማልብኝ። ዝም ብለህ አዎ በለኝ። … እሺ።

— የማን ልጅ ናት? … የወልደ ሩፋኤል። … የጀልባዎቹ ባለቤት። … ባለ ሞተሯንም ጀልባ ይሰጡታል። … እህ! እኔ እኮ ተስፋሁን “ጀልባዋ ጥገና ላይ ናት፣ ከእሁድ በኋላ ብትመጪ ይሻላል” ሲለኝ እውነት መስሎኝ አዘንኩለት። ጭራሽ ቀድሜ መጥቼ ላጽናናው አሰብኩ።

— አላለቅስም። ነፋሱ ነው። ደጃፍ ላይ ነኝ አላልኩህም?

— ልጅቷስ ስለ እኔ ታውቃለች? … ፈትቻታለሁ አለ። … በየትኛው ሽማግሌ ፊት? ሽማግሌዎቹ እኮ አልሞቱም፤ አባ ወልደማርያም ትናንት እዚሁ በር ላይ ቆመው “ባልሽን ሰላም በይልኝ” ብለውኛል። ሰላም ብለውሃል በለው እንግዲህ፣ አደራ እንዳይቀርብኝ። … አታስረዳኝ። … አታስረዳኝ አልኩህ! ገብቶኛል። እሱ ሞተር ነው ያገባው፤ ለእሷም አዘንኩላት።

— ምንም አይደለም እትዬ ደጊቱ። … እነግርዎታለሁ። ይውረዱ ከዚያ፣ አረፍ ይበሉ።

— አንተስ? አባቴ ፊት ቆመህ “ቢበድላት እኔን ጠይቁኝ” ያልከው አንተ አይደለህም? ጥቁር መነጽርህን ሲመሽም አላወልቅም ብለህ፣ የዳሱ ገመድ ጠልፎህ ጋን ላይ የወደቅከው? … አትሳቅ። … አውቃለሁ፣ እየሳቅክ አይደለም። ያችኛዋንም እህቴ ናት ልትላት ነው? እህትማማቾች ልታደርገን?

— ደውልላት ያለህ እሱ ነው? … እሱ አያውቅም። … ታዲያ ለምን ደወልክ?

ይሁኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ዓለሚቱ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረችው፤ ሁለቱም ጆሮዋ እኩል ይስማ ያለች ይመስል።

— ከእሁድ በፊት ድንገት እንዳልመጣ። … ከነልጄ ዳሱ በር ላይ እንዳልወርድ። … እኔ ብጠላህም እንዳልመጣ። … ደግ አደረግክ። አይ፣ መሮኝ ነው እንጂ ደግ አደረግክ። … እሱስ ምን ሊያደርግ ነበር ያሰበው? … “ኋላ እነግራታለሁ።” … ኋላ መቼ? ስወልድለት? … እሷን ማለቴ ነው፤ እሷ ስትወልድለት።

— ይገርምሃል፣ ለቤቲ አዲስ ቀሚስ ገዝቼላት ነበር። ነጭ ነው። ትናንት ስለካት ሠርገኛ መስላ ነበር። ዳሱ ውስጥ ገብታ ብትበላም የማን ነሽ የሚላት አልነበረም።

— እሺ፣ መነጽሩ። … ተዪው አትበለኝ! ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ሱቄ ናት፣ እሸጣለሁ። … አዎ፣ ሱቄ። እትዬ ደጊቱ፣ ዣንጥላዎቹን ወደ ቦታቸው ይመልሱልኝ። … ሁሉንም። … ይቅር ይበሉኝ፣ እርስዎን አደከምኩ።

— ትሰማኛለህ? ለሦስታችሁም ሚዜዎች ጥቁሩን እልካለሁ። ጠርሙስ ነው፤ ለፎቶ ይበቃችኋል። ለአንተ ደግሞ ያቺን እውነተኛዋን። … አዎ፣ ለእሱ ያስቀመጥኳትን። … አትከራከረኝ! ሠርጉ ላይ እንዳታደርጋት ግን፤ ሰኞ ጀልባ ላይ ስትወጣ አድርጋት። ዓይን የሚያስፈልግህ አንተ ነህ። እሱ ከእንግዲህ ባለ ጀልባ ነው፤ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

— ለሙሽራው? … ወርቃማማ ሞልቶኛል። ለእሱ ግን የለኝም። ሙሽራው የራሱ አለው።

— ቤቲዬ፣ ነይ። … ነይ የኔ እናት፣ አልቆጣሽም። እስቲ አውልቂልኝ። … አባትሽ መነጽሯን ፈልጓት ነው። … አዎ፣ አባባ። … ረስቷት ሄዶ አሁን አስፈለገችው። … አዎ፣ ራሱ ያደርጋታል። … ለምን እንደሆነ ሲደውል ጠይቂው።

ቤተልሔም መነጽሩን አወለቀች። መጀመሪያ ደህናውን መስታወት፣ ቀጥሎም የተሰነጠቀውን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች፤ እናቷ እጅ ላይ ስታስቀምጠው ፊቷ በርቶ ነበር።

— አየህ? በደስታ ነው የሰጠችኝ። … በቃ አልኩህ። ነገ ጠዋት በሚኒባሱ ይመጣልሃል። ቦታ ይዣለሁ፤ እኔ ባልመጣ ዕቃው ተቀምጦበት ይመጣል። ይህቺን በእጁ ስጠው። ሚዜ ሆነህ፣ እሁድ ጠዋት፣ ሲለብስ። … ከማን ናት አይልህም። ስንጥቋን ያውቃታል።

— ሄሎ? … ይሁኔ? … እያለቀስክ ነው? እኔ ሳላለቅስ? … ሂድ፣ ከዚያ ከሰዉ መሀል ዘወር በል። አንተን ያየ ምን ሆነ ይላል። እሁድማ ጥቁር መነጽር ታደርጋለህ፣ ማንም አያይህም፤ ዛሬን ብቻ ቻለው።

— እሺ። … እሺ። እንኳን ደስ ያላችሁ ብላለች በል… አይ፣ እሱን አትበል። ዝም ብለህ ስጠው። ደህና ሁን።

ስልኩን ዘጋች፤ መነጽሩን አጥፋ፣ ጓንት ከተቀመጠበት ካርቶን ውስጥ አንድ ባዶ ከረጢት ፈለገችለት። እትዬ ደጊቱ በርጩማው ላይ ተመልሰው ወጡ፤ ዣንጥላዎቹን አንድ በአንድ ይሰቅሉ ጀመር።

ቤተልሔም ደጃፉ ላይ ቀረች። ያለ መነጽሩ ፀሐዩ ዓይኗን ስለወጋት በመዳፏ ከልላ፣ ከባሕር ዳር በደብረ ታቦር በኩል ሚኒባሶች የሚመጡበትን መንገድ ታይ ነበር።