ግንበኛውና የጉበቱ መርፌ

ዓይናቸው ቢጫ የለበሰ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ የሆስፒታሉን ደረጃ እያጉረመረሙ ሲወርዱ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ፊት ለፊት ገጠመቻቸው።

“ጋሼ! እርስዎ ነዎት?”

ድምጿን ለዩት። ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤቶቻቸው ልጅ ናት። በልጅነቷ ከጥያቄዋ ብዛት የተነሳ “መርማሪ” የሚል ቅጽል ያወጡላት እሳቸው ነበሩ። ለትምህርት እንደ ወጣች ስለ ከረመች፣ የጉበት ሐኪም ሆና እዚህ መመደቧን አልሰሙም። ደረታቸው በኩራት ተነፋ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

“በመርፌ ከጉበትዎ ላይ ቅንጣት ወስደን እንመርምር አሉኝ። እምቢ ብዬ መውጣቴ ነው።”

“ለምን ጋሼ?”

“ቀለም ቀቢው ወዳጄ በወጉት ሳምንት አረፈ። ሰው እያየ ይሞታል እንዴ?”

አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣቸው አጠገባቸው ተቀመጠች። “ወዳጅዎን ምን እንደ ገደላቸው አላውቅም፤ መርፌው አይደለም ብዬም አልምልም። አንዳንድ ሰው ይደማል። ከስንት አንዴ ሐሞት ይፈሳል ወይም ሳንባ ይነካል፤ እጅግ አልፎ አልፎ ሞትም አለ። ብዙዎቹን ግን የተወጉበት ቦታና ቀኝ ትከሻቸው ትንሽ አሟቸው ያልፋል።”

ሽማግሌው ተገረሙ። እስከ ዛሬ ሁሉም “ምንም አይልዎትም” ነበር የሚላቸው፤ ያላመኑትም ለዚሁ ነው። ክፉውን ሳይሸሽግ የሚናገር ሐኪም ደጉንም ሲናገር ይታመናል።

“ታዲያ ይህን እያወቅሽ ይወጉ ትይኛለሽ?”

“እርስዎ የተሰነጠቀ ግድግዳ ቢያዩ ለስነውት ያልፋሉ?”

“ምን ቆርጦኝ! መሠረቱን ቆፍሬ አያለሁ እንጂ።”

የያዙትን የምርመራ ወረቀት ተቀብላ አነበበች። “የደሙም የአልትራሳውንዱም ምርመራ የበሽታውን ምንነት አልነገረንም። በግምት ብናክምዎ ልንጎዳዎት እንችላለን። መጀመሪያ ደምዎ በወጉ መርጋቱን እናረጋግጣለን፤ መርፌውን በአልትራሳውንድ እያየን እናስገባለን፤ ከዚያ አስተኝተን ግፊትዎን ደጋግመን እንለካለን። ለመሆኑ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?”

አንገታቸውን ደፉ። “ለጉልበቴ አስፕሪን እውጣለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።”

“እንኳን ነገሩኝ! ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙት፤ ከሰውነትዎ እስኪወጣ ቀጠሮውን እንገፋዋለን።”

“አይ መርማሪ፣ ዛሬም ጥያቄሽ አላለቀም!” ብለው ሳቁና እሺ አሉ።

በቀጠሮው ቀን መርፌው የሚገባበት ቦታ በማደንዘዣ ደነዘዘ፤ “ትንፋሽዎን ይያዙ” ተባሉ፤ ሳያውቁት አለቀ። ከሰዓት በኋላ ግን ትከሻቸው ጠዘጠዛቸው፤ ሆዳቸውም ወጠራቸው። መሆን እንደሚችል ያውቁ ነበርና ሳይደነግጡ ነርሷን ጠሩ። ግፊታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ ሮጣ መጥታ በአልትራሳውንድ ስታይ ጉበታቸው ዙሪያ ጥቂት ደም ፈሶ አገኘች።

“ዛሬ ቤት አይገቡም፤ እዚሁ እንከታተልዎታለን።”

“አንቺ ካለሽ የት እሄዳለሁ!”

ደሙ በራሱ ቆመ። በማግስቱ ድንጋይ እንዳያነሱ ተመክረው ወጡ። ውጤቱ ሲመጣ በሽታው ሰውነታቸው የገዛ ጉበቱን የሚያጠቃበት ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒትም ነበረው። ዓይናቸው እየጠራ፣ የምግብ ፍላጎታቸው እየተመለሰ ሄደ። ቆይተውም ወደ ግንባታቸው ተመለሱ።

ለክትትል በመጡ ቁጥር፣ መርፌውን ፈርተው የሚያመነቱትን አጠገባቸው ያስቀምጣሉ። “አደጋ የለውም አልላችሁም፤ እኔ ራሴ ደምቻለሁ” ይላሉ። “የምትውጡትን ሁሉ ንገሩ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ከተወጋችሁ በኋላ ሕመም ሲሰማችሁ አትደብቁ። በሽታውን ያወቀ ሐኪም ሕክምናውንም ያውቃል።”

ሐኪሟ በኮሪደሩ ብቅ ስትል ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፦

“ያቻትላችሁ! የጎረቤቴ ልጅ ናት!”