አሜን ያልተባለበት ትኩረት

ይቅርታ አድርግልኝ ጋሽ ወንዳፈረው፤ ሰው ማማት ኃጢአት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ደግሞስ ሐሜት መች ሆነ? ምስጋና እኮ ነው! ... ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ያዘ፤ በሞርሲቶ በኩል እንሰቱ አምሯል አሉ። ቁጭ በል፣ የጫማህን ሶል እስክሰፋልህ እንጫወት።

የእግር ኳስ ቡድናችን የአእምሮ አሰልጣኝ ግን... እንዴት ያለ የተማረ ሰው ነው! ሌላው ዓመታት የሚደክምበትን በሦስት ቀን ሥልጠና ሐዋሳ ጨርሶት መጣ፤ ያውም ከነሻይ ዕረፍቱ።

ከጊምቢቹ ቡድን ጋር የገጠምን ዕለት ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ሊጸልዩ ሲሰበሰቡ «ተዉት፣ ይሄ ሳይንስ ነው» አላቸው። ሁሉም በየቦታው ቆሞ ዓይኑን ይጨፍን፣ ጎል ሲያገባ በሐሳቡ ይይ። ታዛዦች ናቸው፤ ጨፈኑ። መቼም እዚህ አገር በጸሎት ያደገ ልጅ አንዴ ከጨፈነ «አሜን» ሳይባል ይገልጣል? ... አሜን ደግሞ ሥልጠናው ውስጥ አልነበረም። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ጊምቢቹዎች በቆሙ ምሰሶዎች መሃል እየተሹለከለኩ መጡ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ በተጨፈነ ዓይን ግን... ኳስ ይገባል።

አንድ ያልታዘዘ ነበር፤ በረኛው ሚክያስ፣ የእህቴ ልጅ። ዓይኑን ገልጦ «አሜን!» ብሎ ጮኸ። አሥሩም ነቁ። ምን ያደርጋል፣ ኳሷ ቀድማቸው መረብ ውስጥ ናት። በዚያችው ጎል ተሸነፍን።

የአሰልጣኙን ሪፖርትስ አየኸው? «በረኛው የቡድኑን ትኩረት ስላወከ ይሰናበት።» እውነቱን እኮ ነው! ቤት ሲቃጠል የሚጮህ ሰው የጎረቤት እንቅልፍ አይረብሽም?

ነገ የቡድኑ ኮሚቴ ሲቀመጥ የቀረው ያንተ ፊርማ ነው አሉ። እኔ ምን አገባኝ... ጫማ ሰፊ ስለ ትኩረት ምን ያውቃል? ወስፌዬን ይዤ ዓይኔን ብጨፍን የምሰፋው ጣቴን ነው። ያው አለመማር ነው።

ምነው ወደ ሻይ ቤቱ ዞር ዞር አልክ? ያ ጆሮውን የጣለብን ሰውዬ ቢሰማስ? ሰውን መመረቅ ነውር ሆነ እንዴ?

ጌታ ዕድሜውን ያርዝመው። ክፉ ቀን ቢመጣበት፣ ጠላት ደጁን ቢያንኳኳ፣ እነዚያ በገዛ እጁ ያሰለጠናቸው አሥር ልጆች ዙሪያውን ይቁሙለት... ልክ እንዳስተማራቸው ሆነው።

አደራ ጋሽዬ፣ ይቺን ለማንም እንዳትደግማት። አሜን በልና ጫማህን አጥልቅ።