የተደፈኑት ቀዳዳዎች

ጡረታ የወጡት ሰዓት ሠሪ ያን ዕለት ጠዋት ከቤታቸው የወጡት አንድ ገጽ ማመልከቻ በደረት ኪሳቸው፣ አንድ ጠርሙስ አፈር በእጃቸው ይዘው ነበር። ማመልከቻው ለሕንጻው ኃላፊ የሚሰጥ ነው፤ ከበላያቸው የምትኖረው ልብስ አጣቢ በረንዳዋ ላይ ልብስ እንዳታሰጣ ትከልከልልኝ ይላል። አፈሩ ደግሞ ማስረጃ ነው። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ግን ከልብስ አጣቢዋ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጅቷ እርሻ ተምራ ችግኝ ጣቢያ የምትሠራ ናት።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ጠርሙሱ ምንድን ነው?»

«ምን አገባሽ?» ሊሏት ነበር፤ ትሕትናዋ አፋቸውን ያዘው። «አፈር ነው። ይመርመርልኛል። እናትሽ የሳሙና እጣቢ እያፈሰሰች ጥዴን እንደገደለችው ይወጣል።»

ጎረቤቱ በሌሉበት «ጋሽ ጠርጥር» ይላቸዋል፤ ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣላቸውም። የመጣላቸውን ፖስታ እንኳ ከመክፈታቸው በፊት ማጣበቂያውን በአጉሊ መነጽር የሚመረምሩ ሰው ናቸው። የጥዱ ነገር ግን ከሁሉም የባሰ አሳስቧቸዋል፤ ምክንያቱም ዛፉ የእሳቸው አይደለም። ታላቅ እህታቸው ለሕክምና ስትሄድ ከነማሰሮው ትታባቸው፣ «አደራህን፣ ስመለስ አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቀኝ» ብላቸዋለች። እህት ቅዳሜ ትመጣለች፤ ጥዱ ደግሞ መርፌ መሳይ ቅጠሉን እያረገፈ ራቁቱን ሊቀር ነው።

«ላሽተው?» አለች ልጅቷ።

«ማስረጃ ልታጠፊ?»

«ጠርሙሱን እርስዎ ይያዙት፤ እኔ አፍንጫዬን ብቻ ነው የማውስዎት።» አሸተተች። «ሳሙና ሳሙና አይልም ጋሼ። የቆመ ውሃ ነው የሚሸተው። ዛፉን ልየው?»

አላመኗትም። ሆኖም ወደ ቤት አስገቧትና እጇን በዓይናቸው እየተከተሉ ከኋላዋ ቆሙ። ጥዱ ከወፍራም መጋረጃ ጀርባ፣ ማሞቂያው አጠገብ ተወሽቋል።

«መቼ ነው ከበረንዳ ያስገቡት?»

«ሁለት ወር ሆነው። የእናትሽ አንሶላ ጠብ ጠብ ሲልበት ባየሁ ማግስት።»

«መርገፍ የጀመረውስ?»

ጊዜ ማስላት የዕድሜ ልክ እንጀራቸው ነውና መልሱ ወዲያው ነው የመጣላቸው፤ ከገባ ከሦስት ሳምንት በኋላ። «መርዝ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው» አሉ፣ ድምፃቸው ግን እንደ በፊቱ አልነበረም።

«ይህ ጥድ ብርድ ወዳድ ነው፤ ብርሃንና ንፋስ ይፈልጋል። ውሃስ እንዴት ነው የሚያጠጡት?»

«በየቀኑ ሁለት ጣሳ። እየደረቀ ዝም ብዬ ልየው?»

«ትርፉ በየት ይወጣል?»

«የትም አይወጣም! ምንጣፌን ሲያበሰብስብኝ ከሥር ያሉትን ቀዳዳዎች በሬንጅ ደፈንኳቸዋ። አንዲት ጠብታ አያሳልፍም» አሉ በኩራት። የእጃቸው ሥራ ሲነሳ ጥርጣሬያቸውን እንኳ ይረሳሉ።

ልጅቷ አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ሥርም ይተነፍሳል። ውሃ ሲተኛበት አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ መጠጣት አይችልም። ስለዚህ ዛፉ ውሃ ውስጥ ቆሞ በጥም ይደርቃል። እርስዎ ደረቀ ብለው ሲጨምሩ ይብስበታል።»

«ይህ እናትሽን ለማዳን የተፈጠረ ትምህርት እንዳይሆን!»

«እኔን አይመኑኝ። ሬንጁን በገዛ እጅዎ ያውጡትና ይዩት።»

ማሰሮውን አብረው ሳፋ ላይ አጋደሙት። ሽማግሌው በቀጭን መፍቻ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ሲከፍቱ ጥቁር፣ የሚከረፋ ውሃ ተንፎለፎለ። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። በእንጨት አማሰሉት፤ እንደገና አማሰሉት።

«አረፋ የለውም» አሉ በመጨረሻ።

እነሆ ከጎረቤት ለማስጣል ዛፉን አስገቡ፤ ስላስገቡት ምንጣፉ ራሰ፤ ምንጣፉ ስለራሰ ቀዳዳውን ደፈኑ። መርዙን ሁለት ወር ሙሉ ከላይ ሲጠብቁት በየቀኑ በጣሳ የሚቀዱት እሳቸው ነበሩ። በራሳቸው አፈሩ።

«ሞቷል?» አሉ ቀስ ብለው።

ልጅቷ ግንዱን በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ብቅ አለ። «አለ! ግማሹን ልናተርፈው እንችላለን፤ ይጻፉ።»

ወረቀት ቢፈልጉ ከማመልከቻው በቀር አጡ። ገልብጠው ጻፉ፦ የበሰበሰው ሥር ይቆረጥ፤ አፈሩ ውሃ የማያቁር ይሁን፤ ቀዳዳ እንዳይደፈን፤ ከማሞቂያ ርቆ በረንዳ ላይ ይቀመጥ፤ ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ገብታ ርጥበት ካገኘች ውሃ አይጨመር።

ሥራውን እንደጨረሱ ሽማግሌው ወደ ላይ ወጥተው፣ ደንበኞቿ ፊት፣ «እህቴ፣ በድዬሻለሁ» አሏት።

«ፊትዎን የሚያዞሩብኝ ለዚህ ኖሯል?» አለች ልብስ አጣቢዋ። «እኔ እኮ ሸሚዝዎን ያበላሸሁብዎት መስሎኝ ስጨነቅ ከረምኩ!» በዚያው ዕለት ገመዷን ወደ ዳር አስጠጋችላቸው። ሳይደብቁ መጠየቅ ይህን ሁሉ ይሰጣል፤ ዛፉ ብርሃን አገኘ፣ ሴትዮዋ እንጀራዋ አልተነካባትም፣ ሽማግሌውም ደረጃ ላይ ሰላም የሚላቸው ሰው አገኙ።

ቅዳሜ እህታቸው በረንዳው ላይ ግማሽ ራቁቱን የቆመውን ጥድ አየችው። «አረንጓዴ ነበር ያልኩህ።»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ማንም አልነካብሽም» አሉና ወረቀቱን ሰጧት።

አነበበችው። ገለበጠችው፤ ማመልከቻውንም እስከ ፊርማው አነበበች። «ይሄኛውስ ምንድን ነው?»

«እሱ በሽታው ነው።»

እህት ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው። ከዚያ ጣቷን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ከተተችና፣ «ዛሬ ውሃ አይፈልግም» አለች።