በመስታወት የታሰረ ዲፕሎማ

የሺ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስትጣደፍ ከአባቷ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። አቶ ዘገዬ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር እንደ ሕፃን አቅፈው እየተጠነቀቁ ይራመዳሉ። ጋዜጣው ጫፉ ላይ ተቀዶ ወርቃማ ክፈፍ ይታያል፤ ከመስታወቱ ሥር ደግሞ የቡልጋሪያ ማኅተም። ጠዋቱን ሙሉ ሻንጣዋን ገልብጣ ያጣችው ዲፕሎማ ነው። ደሟ ፈላ።

«አባባ፣ ምን አደረጉት?»

«አከበርኩት። እሑድ ዘመድ ሁሉ ይመጣል። ‹ልጅህ ቡልጋሪያ ሄዳ ባክና ቀረች› ሲሉኝ የከረሙት ሁሉ ግድግዳ ላይ ያዩታል።»

«የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ የተማርኩት ለግድግዳ ነው? የሥራ ምደባው ምዝገባ አርብ ይዘጋል፤ ዛሬ ረቡዕ ነው። ዋናውን ካላቀረብኩ ለከርሞ ተመለሺ ነው የሚሉኝ።»

«የላከሽ መንግሥት አይደለም? መመረቅሽን ያውቃል፣ ይጥራሽ። የተማረ ሰው ቢሮ ለቢሮ አይለምንም።»

ይህ ኩራት ስንቱን ልጅ አስቀርቷል! ልጅ ከውጭ ሲመለስ በግ ይታረዳል፣ የዘመድ ቤት ይዞራል፣ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይወጣል። ባለወረቀቱ ከሥሩ ተቀምጦ ጥሪ ይጠብቃል። ዓመት ሲያልፍ ዕድል ይረገማል፤ የቤተሰቡን ስንፍና የሚረግም ግን የለም።

ጭቅጭቁ እስከ አቶ ዘገዬ የልብስ ስፌት ሱቅ ድረስ ዘለቀ። ክፈፉን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ «እስቲ ምንድነው ይሄ የምትይው ጣጣ?» አሉ አኩርፈው።

«ቡልጋሪያኛ እዚህ ማን ያነባል? መጀመሪያ ይተረጎማል፣ ትርጉሙም ይረጋገጣል። ቀጥሎ ከዋናው ጋር ታይቶ የትምህርት ደረጃዬ ይወሰናል። ምዝገባው ከዚያ በኋላ ነው። አብሮኝ የተመረቀው እምሩ በመጣ በሳምንቱ ይህን ጨርሶ አሁን ባሌ ውስጥ ጉድጓድ ያስቆፍራል። እኔ የአክስቶቼን ዶሮ ወጥ ስበላ ከረምኩ።»

«ዘመድ መጠየቅ ነውር ሆነ?»

«አልሆነም። ጉዳዬን ከጨረስኩ በኋላ ቢሆን ማን ይከለክለኝ ነበር? እሺ ብዬ የዞርኩትም እኔው ነኝ፤ በራሴም ተናድጃለሁ።» ወደ ስፌት መኪናው ዞረች። «ይህን የገዙ ዕለት መስታወት ውስጥ ከተው ሰው እስኪያደንቅልዎ ጠበቁ?»

አቶ ዘገዬ መኪናውን በእጃቸው ዳበሱ።

«ባለፈው ድርቅ ያገርዎ ሰው በውሃ እጦት ሲሰደድ ምርር ብለው አልቅሰዋል፤ ጽፈውልኛል። እኔ ውሃ ከመሬት ማውጣት ተምሬ መጣሁ። እርስዎ ግን ምስማር መቱብኝ።»

ሽማግሌው ትልቁን የጨርቅ መቀስ አነሱ። በዚያ መቀስ ወረቀት እንኳ የቆረጠ ሰው ከሱቁ ተባሮ ያውቃል። ጫፉን ከክፈፉ ጀርባ አስገብተው ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀሉ፤ ስለቱ ሲሸረፍም አላቆሙም።

«ሂጂ፣ ትርጉም ቤቱ ሳይዘጋ» አሉ ዲፕሎማውን እየሰጧት። «እኔም እከተልሻለሁ።»

አርብ ከሰዓት የሺ ተመዘገበች። እሑድ ዘመድ ሲሰበሰብ ግድግዳው ላይ ባዶ ክፈፍ ተሰቅሎ ነበር። «ዲፕሎማው የታለ?» አለ የልጁን ዲፕሎማ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሰቀለ አንድ ዘመድ እየሳቀ።

አቶ ዘገዬ አልሳቁም። «ሥራ ሊገባ ወጥቷል» አሉ። «አንተም ቤትህ ገብተህ የልጅህን አውርድ።»