ከኋላዋ ብቻ የታየችው ሐውልት

ልብስ ሰፊዋን የሰፈሩ ሰው በስሟ አይጠራትም። ልኬት ስትወስድ ደንበኛው ሹም ይሁን ተማሪ «ቀጥ በል!» ስለምትለው፣ ስሟ «ቀጥበል» ሆኖ ቀረ። እሷም አልተቀየመችም። ጎብጦ የተለካ ሰው ቀና ባለ ቀን ልብሱ አይሆነውም ትላለች፤ እውነቷን ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀጥበል አንድ ወረቀት በብብቷ ሸጉጣ፣ አደባባዩን ትታ፣ በሉካንዳው ጀርባ በጭቃው መንገድ ስትዞር ከእህቷ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። የእህቷ ልጅ መምህርት ናት። የተማሪዎቿን ደብተር እስከ አገጯ ቆልላ ታቅፋ ከትምህርት ቤት ትመለስ ነበር።

«እትዬ፣ በዚህ በኩል ምን ያዞርዎታል? በአደባባዩ ቢያቋርጡ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም» አለቻት።

«ያቺ ሐውልት እዚያ እስካለች ድረስ አደባባዩን እግሬ አይረግጠውም ብዬ ምያለሁ። ጫማዬ ይጨቅይ እንጂ ቃሌ አይጨቀይም። ደግሞም ያገኘሁሽ ለደግ ነው፤ አንቺው ዘንድ ነበር የምመጣው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልብስ ሰፊዎቹ ሱቆች ፊት ለፊት አንድ ጥላው ሰፊ ዛፍ ነበረ። ከሥሩ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ልብሱ እስኪያልቅለት የሚጠብቅ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። አንድ ሰኞ ማለዳ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች መጋዝ ይዘው መጡ። ዛፉን ጣሉት፤ ወንበሩን በጭነት መኪና ወሰዱት። ማንንም አልጠየቁም፤ ለጠየቃቸውም አልመለሱለትም። ቦታውን ለሦስት ሳምንት በቆርቆሮ አጠሩት። ቆርቆሮው ሲነሳ አንዲት ከነሐስ የተሠራች ግዙፍ ሴት፣ ተንበርክካ፣ ጀርባዋን ለልብስ ሰፊዎቹ፣ ፊቷን ለማዘጋጃ ቤቱ መስኮቶች ሰጥታ ተገኘች። ከሱቆቹ በኩል የሚታየው ሰፊ ጀርባዋ፣ የእግሮቿ መርገጫ፣ ከጉልበቷ አጠገብ ደግሞ የአንድ ትልቅ የወንድ ጫማ አፍንጫ ብቻ ነው።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ፍርዱ ተሰጠ። ሴትዮዋ የባለጌ ሀብታም ጫማ ትስማለች ተባለ። የእኛን ሴቶች ሊሰድቡ ነው ያቆሟት ተባለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ እስከ ማታ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ከሁሉ የተንገበገበችው ቀጥበል ነበረች። ሱቋን ዘግታ ከበር በር ዞረች። በዘጠኝ ቀን ውስጥ የአርባ አንድ ሰው ፊርማ ሰበሰበች። የከተማው ምክር ቤት ዓርብ ይሰበሰባል። ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ፣ ወረቀቱ በደንብ ተጽፎ ከደረሰው ሐውልቷ ተቆራርጣ እንድትቀልጥ አደርጋለሁ ብሎ ቃል ገብቶላታል። ቀኑ ረቡዕ ነው። የቀጥበል ትምህርት ግን ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፊደሏም ልክ እንደ ሰከረ ጉንዳን ነው። ወረቀቱን አሳምሮ የሚጽፍላት ያስፈልጋል።

በመምህርቷ ክፍል ጠረጴዛው አንድ፣ ወንበሩ ሁለት ነው። ደብተሮቹ አልጋው ላይ ተዘረገፉ። ቀጥበል ሳትቀመጥ ጀመረች። ስለ ውርደቱ ተናገረች፤ ስለ ከተማው ሹማምንት ዓይን አውጣነት ተናገረች፤ ስለ ቀራጺውም፣ እናቱ አላሳደገችውም እስከ ማለት ደረሰች። ስትጨርስ መምህርቷ ንጹሕ ወረቀት አውጥታ እስክሪብቶዋን ከፈተች።

«እጽፍልዎታለሁ እትዬ። ግን ተማሪዎቼን እንደማስተምራቸው ነው የምጽፈው፤ መጀመሪያ ያዩትን፣ ከዚያ ያሰቡትን።»

«ጻፊ። አንዲት ሴት የሰው ጫማ ላይ ተደፍታ…»

«ቆይ። ፊቷ ምን ይመስላል?»

«የምን ፊት?»

«የሴትዮዋ። ታለቅሳለች? ትስቃለች? አፏ ጫማው ላይ ነው?»

«ፊቷን የት አየዋለሁ? ለእኛ የሰጡን ጀርባዋን ነው።»

«ከአርባ አንዱስ ዞሮ ያየ አለ?»

ቀጥበል በልቧ ቆጠረች። ፀጉር አስተካካዩ የፈረመው ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሳለ ነው፤ በአንድ እጁ መቀስ፣ በአንድ እጁ እስክሪብቶ ይዞ። ልብስ ተኳሹ ሽማግሌ ዓይናቸው ከካውያቸው አልፎ አያይም፤ «አንቺ ካልሽ ምን ቀረኝ» ብለው ነው ጣታቸውን ያሳረፉት። ጫማ ሰፊው ደግሞ ያ ጫማ ማሰሪያ የለውም፣ ሙያችንን አዋረዱት ብሎ ነው የፈረመው። ሌላውም ሌላው ስለፈረመ ፈረመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የእኛ ሰው ለጨርቅ ብልህ ነው። ሜዳ ላይ የተሰጣ ብትን ጨርቅ ሊገዛ ሲሄድ ይዳስሳል፣ ወደ ብርሃን ያነሳል፣ ገልብጦ ውስጡን ያያል። ስሙን ለሚያስቀምጥበት ወረቀት ግን ማገላበጥ የለም። ጎረቤት ፈረመ? በቃ። ስም ከጨርቅ ረከሰ ማለት ነው? ይህን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

«አንቺስ አይተሻታል?» አለች ቀጥበል፣ ድምጿን ጠንከር አድርጋ።

«በየቀኑ በፊቷ አልፋለሁ።»

«ታዲያ ንገሪኛ።»

«አልነግርዎትም። ከነገርኩዎት በእኔ ዓይን ነው የሚፈርሙት፤ ሌሎቹ በእርስዎ ዓይን እንደፈረሙት።»

ቀጥበል ይህን ጊዜ ገነፈለች። የተማራችሁት እንዲህ ናችሁ አለች፤ ጥያቄን በጥያቄ መመለስ ታውቃላችሁ እንጂ ዛፋችን ሲቆረጥ የት ነበራችሁ? እኚያ ልብስ ተኳሽ ሽማግሌ ከነበረቻቸው ጥላ ተባርረው ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ማን ጠየቃቸው? ነፍሰ ጡር ደንበኛዬ ደረጃ ላይ ስትቀመጥ ማን አየ?

መምህርቷ እስክሪብቶውን አስቀመጠችው። «በዚህስ እውነትዎን ነው። እኔም አፍራለሁ፤ ክፍል ውስጥ ሆኜ መጋዙን እየሰማሁ በሩን ዘግቼ አስተማርኩ። ግን ይህ ከወረቀትዎ ላይ የቱ ጋ አለ? ዛፉ አልተጻፈም። ወንበሩ አልተጻፈም። ሳይጠይቁን ሠሩ የሚል የለም። ያለው ሴትዮዋ ትቅለጥ የሚል ብቻ ነው። እትዬ፣ አህያውን ፈርተው ዳውላውን ነው የሚደበድቡት።»

«እኔ ማንንም አልፈራም።»

«እንግዲያው ማዘጋጃ ቤቱን ስሙን ጠርተው ይክሰሱት።»

ቀጥበል ሲቸግራት ወደ ቀድሞው ነገሯ ተመለሰች። «ቢሆንም መንበርከክ ነውር ነው።»

«እርስዎ በቀን ስንት ጊዜ ይንበረከካሉ?»

«እኔ?» አለች ደረቷን በጣቷ እየመታች። «እኔ የምንበረከከው ለሥራዬ ነው። ለሰው ተንበርክኬ አላውቅም፤ እናትሽን ጠይቂያት።»

«ይህን ልጻፈው?»

«ጻፊው። አስምሪበት ደግሞ።»

መምህርቷ ጻፈችው፤ አሰመረችበትም። ከዚያ ተነስታ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች። እንሂድ አለቻት፣ ቀሪውን ከሴትዮዋ ፊት ቆመን እንጽፈዋለን።

«መሐላዬስ?»

«መሐላው የእርስዎ ነው፤ ሊያፈርሱት ይችላሉ። አርባ አንዱ ስም ግን የሰው ነው።»

አርባ አንዱን ሰው አንድ በአንድ ያሳፈረችው፣ የለመነችው፣ «ወንድ አይደለህም ወይ» ያለችው ቀጥበል ናት። ስህተት ከሆነ የሁሉም ስህተት የእሷ ነው። መጨረሻ ላይ መቀነቷን አጥብቃ ወጣች።

አደባባዩን ስትረግጥ ቀና ብላ አላየችም። በሐውልቷ ጀርባ በኩል ዞረው፣ በጎኗ አልፈው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ሥር ሲደርሱ መምህርቷ ክንዷን ለቀቀቻት።

ሴትዮዋ ጫማ አትስምም። በከንፈሮቿ መሐል አራት ስፒል ነክሳለች። ትከሻዋ ላይ የልኬት ሜትር ተንጠልጥሏል። ከፊቷ ሁለት ባዶ ጫማዎች አሉ፤ ከጫማዎቹ ውስጥ እስከ ባት የሚደርስ ሱሪ ቆሟል፤ ከዚያ በላይ ሰው የለም። ግራ እጇ የሱሪውን ጫፍ አጥፎ ይዟል፣ ቀኝ እጇ ስፒል ሊሰካ ነው። ዓይኗ ግን ከእጇ ላይ አይደለም። ቅንድቧን ሰብስባ ወደ ላይ፣ የደንበኛው ፊት ሊሆን ወደሚገባው ባዶ ቦታ ታያለች።

ቀጥበል ተጠጋች። እንደ ሁልጊዜዋ በእጇ ነበር ያየችው፤ የሱሪውን እጥፋት በአውራ ጣቷ ተከትላ ዳሰሰችው። «ግራው ከቀኙ ይረዝማል» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «አሃ። ገና አልደረሰችበትም።» ስፒሎቹን ቆጠረች። ወደ ኋላ ብላ ፊቷን አየች። ያን ቅንድብ ታውቀዋለች። ስፒል በአፍ ተይዞ መናገር ስለማይቻል፣ የሚወላገደውን ደንበኛ በዓይን ነው ቀጥ የሚያደርጉት።

«እትዬ፣ ምን እያለችው ነው?» አለች መምህርቷ በቀስታ።

«ቀጥ በል» አለች ቀጥበል።

ተረጋጋች ብላችሁ እንዳታስቡ። ቁጣዋ አሁን ገና ራሱን አገኘ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የገዛ ሥራዬን ስሰድብ ከረምኩ አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መስኮቶች አዞረች። «እነዚህስ? የእኛን ሙያ ሠርተው ፊቷን ለራሳቸው፣ ጀርባዋን ለእኛ! በራችንን አንኳኩተው ‹እንዲህ ልንሠራ ነው፣ ምን ትላላችሁ› ቢሉን ምላሳቸው ይረግፍ ነበር? ዛፉ ሳይቆረጥ ከጎኑ ልትቆም አትችልም ነበር? ስጪኝ ያን ወረቀት።»

«ያሰመርኩበት እዚህ አለ» አለች መምህርቷ። «‹የምንበረከከው ለሥራዬ ነው፤ ለሰው ተንበርክኬ አላውቅም።›»

«እሱን ከላይ አድርጊው። የቀረውን እኔ እነግርሻለሁ።»

የማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ጻፉ። ሐውልቷ አትነካ፤ ነገር ግን ፊቷ ወደ ባለ ሙያዎቹ ይዙር። ወንበሩ ይመለስ፣ በተቆረጠው ዛፍ ምትክ ዛፍ ይተከል። ከእንግዲህም በሰው ደጃፍ ላይ አንዳች ነገር ከመቆሙ በፊት ባለ ደጃፉ ይጠየቅ።

በማግስቱ ጠዋት ቀጥበል ወደ ሱቆቹ ሄደች። ይህ ነበር ከባዱ። ፀጉር አስተካካዩ ገና ሳትጨርስ ሳቀባት፤ ትናንት ትቅለጥ፣ ዛሬ ትቁም፣ ነገ ደግሞ ትዳር ልትይ ነው አላት።

«ትናንት አላየኋትም ነበር» አለችው። «አለማየት ነውር አይደለም፤ ሳያዩ ሰው ማስፈረም ነው ነውሩ። ነውሩን እኔ ወስጃለሁ፤ አንተ ያንን መቀስ አስቀምጥና ተከተለኝ።»

አዲሱን ወረቀት ከሐውልቷ ፊት በቀር የትም አላስፈረመችም። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እያደረገች ወሰደቻቸው። ልብስ ተኳሹን ሽማግሌ ክንዳቸውን ይዛ አቋርጣ፣ ዓይናቸው ስለማያይ እጃቸውን ስፒሎቹ ላይ አሳረፈችላቸው። ሽማግሌው ዳሰሱ፤ የሱሪውንም እጥፋት ዳሰሱ። «ይህ ገና ካውያ አልነካውም» አሉና ጣታቸውን አሳረፉ። ጫማ ሰፊው ግን ዞሮ ዞሮ አይቶ፣ ጫማ ያለ ማሰሪያ ጫማ አይደለም እንዳለ ቀረ። ለወንበሩና ለዛፉ እፈርማለሁ፣ ለሴትዮዋ አልፈርምም አለ። ቀጥበልም ይኸው ቃሉ ከስሙ አጠገብ እንዲጻፍለት አደረገች፤ እሱ አይቷልና።

ዓርብ ዕለት ያ ሊያቀልጣት ቃል የገባው ሰው ወረቀቱን አንብቦ ቀጥበልን ተቆጣት፤ አታለልሽኝ አላት። እሷም እዚያው በተሰብሳቢው ፊት አንተስ ፊቷን አይተሃታል ወይ ብላ ጠየቀችው። ተሰብሳቢው ሁሉ ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆሞ ሐውልቷን አያት።

ከዚህ ምን ተገኘ የሚል ይኖራል። ወንበሩ ተመልሷል፤ ነፍሰ ጡሯ ደረጃ ላይ አትቀመጥም። ከዘንግ የማይወፍር ችግኝ ተተክሏል፤ ጥላው ለልጆቻችን ነው። ሐውልቷ እስካሁን አልዞረችም፤ ቀጥበልም በየወሩ እየሄደች ጠረጴዛ ትደበድባለች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ በወር ውስጥ ያ ማዘጋጃ ቤት የውኃ ቧንቧ ሊያነሳ ሲል መጀመሪያ ሰው ልኮ ጠየቀ። በእነዚያ ሱቆች ዘንድም ዛሬ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ ክስ ይሁን ምስጋና፣ እስክሪብቶ ከመነሳቱ በፊት «ዞረህ አይተኸዋል?» ይባላል። ያላየ ስሙን አይሰጥም። ሳያይ ስሙን የማይሰጥ ሰው ደግሞ በሌላ ሰው ቁጣ አይነዳም፤ ሹማምንትም እንደ ፈለጉ አያደርጉትም።

ቀጥበል አሁን በሉካንዳው ጀርባ አትዞርም። ጠዋት ጠዋት አደባባዩን መሐል ለመሐል ታቋርጣለች። ከሴትዮዋ ፊት ስትደርስ ቆም ትልና፣ ሰው ሰማ አልሰማ ሳትል፣ «አንቺ፣ ያንን ግራውን ዛሬም አልጨረስሽውም?» ብላት ታልፋለች።