የወይዘሮ የሺሐረግ ቄቦች እና የጎረቤት ዓይን

ወይዘሮ የሺሐረግ ከአቃቂ በሰቃ ሰፈር ወደ ቃሊቲ በምትሄደው ሚኒባስ ተሳፍረው ካርቶናቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና በነጠላቸው ሸፈኑት። ውስጡ ክንፋቸውን የጣሉ፣ ዓይናቸውን የጨፈኑ ቄቦች አሉ። የወይዘሮዋ ጥድፊያ ሳይሞቱባቸው ገበያ ለማድረስ ነበር። ታዲያ ሚኒባሷ ጉድጓድ ስትዘል ካርቶኑ ተንጋደደና ደም የቀላቀለ ኩስ አጠገባቸው በተቀመጠችው ወጣት ቀሚስ ላይ ፈሰሰ።

«ውይ በሞትኩት! ይቅር በይኝ ልጄ!» ብለው ሊጠርጉላት ሲሉ ወጣቷ እጃቸውን ቀስ አድርጋ ያዘች።

«ይተዉት እማማ፣ እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነው» አለችና ከቦርሳዋ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አውጥታ ኩሱን በጥንቃቄ ከተተችው።

ወይዘሮ የሺሐረግ «ምነው ይቺ ልጅ፣ ጤናም የላት?» አሉ በልባቸው።

ወጣቷ ሀኪማ ትባላለች። ከወሎ መጥተው አቃቂ የከተሙ የጭነት መኪና ሹፌር ልጅ ናት። የእንስሳት ሕክምና ተምራ ዶክተር ከተባለች በኋላ ዶሮን በሚያጠቁ ጥገኛ ተውሳኮች ላይ ስትመራመር ዓመታት አልፈዋል።

«ይህን ሁሉ ዘመን ተምረሽ መጨረሻው የዶሮ ኩስ ሆነ?» አሉ ወይዘሮዋ ይህን ሲሰሙ፣ ከልባቸው አዝነውላት።

ሀኪማ ሳቀች። «እናቴም እንደርስዎ ነበር ያለችው። ቄቦቹን ግን ምን ነካብዎ?»

ወይዘሮ የሺሐረግ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዓይን ነው። ኢፍቱ የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ ስንት ዘመን አብረን የኖርን። በር ላይ ቆማ ‹እንዴት ያምራሉ!› አለች፤ ወዲያው መሞት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጥኩም። ልጆቼ ደግሞ ፈንግል ነው ይላሉ።»

«ፈንግል ቢሆን ያስላቸዋል፣ አንገታቸውንም ይጠመዝዛቸዋል። ይህ ግን ሌላ ይመስለኛል። ለመሆኑ ወዴት ይዘዋቸው ነው?»

«ልሸጣቸው ነዋ!»

«የሚገዛቸው ሰውስ ቤቱ ዶሮ ቢኖረው?»

ወይዘሮዋ ስለዚያ ሰው አላሰቡም ነበር። «ታዲያ የደከምኩበት ሜዳ ላይ ይቅር?» አሉ ቆጣ ብለው።

«አይቀርም። መጀመሪያ ግን ከእኔ ጋር መሥሪያ ቤቴ ይምጡ። የገደላቸውን በዓይንዎ አይተው ይፍረዱ።»

ሰው ምክንያቱ ያልገባው ጉዳት ሲደርስበት ቅርቡ ያለውን ሰው መጠርጠር ይቀናዋል፤ ወይዘሮ የሺሐረግም ክፉ ሆነው አልነበረም። ደግሞም የተባለውን ማየት የሚፈሩ ሴት አልነበሩምና ተከተሏት።

መሥሪያ ቤቷ ሲደርሱ ሀኪማ ኩሱን ጨው በበዛበት ውኃ በጠበጠችው። «ተውሳኩ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል» አለችና ከላይ ከተንሳፈፈው ጠብታ ወስዳ ማይክሮስኮፑን አስተካከለችላቸው።

«ወይ ጉድ! ይህ ሁሉ እንቁላል የማነው?»

«የዶሮዎን አንጀት የሚያደማው ተውሳክ ዘር ነው። ከኩስ ጋር ይወጣል፤ ቤታቸው በተነጠፈው እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ይጎለምሳል፤ ሌላዋ ዶሮ ለቅማ ትውጠዋለች። ጉዝጓዙን መቼ ቀየሩት?»

«መቀየር ብክነት መስሎኝ ላዩ ላይ ነው የምጨምረው።»

«ውኃቸውስ?»

«መሬት ላይ ነው። እየደፉት…» ንግግራቸውን አልጨረሱትም። ቀና ብለው ትክ ብለው አይዋት። «ልጄ፣ ይህን ካወቅሽ ቆይተሻል። እዚሁ አቃቂ ሆነሽ ለምን አልነገርሽንም?»

 የሀኪማ ጥናቶች በውጭ አገር መጽሔቶች ታትመዋል፤ በሰቃ ግን ማንም አላነበባቸውም። «እውነትዎን ነው እማማ» አለች። «ሰው ይሰብስቡልኝ፤ እኔው እመጣለሁ።»

ወይዘሮ የሺሐረግ ቄቦቹን ወደ ቤት መለሷቸው። ሀኪማ ያዘዘችውን መድኃኒት በመጠጥ ውኃቸው ሰጡ፤ እርጥቡን ጉዝጓዝ አስወጥተው ደረቅ ሰጋቱራ አነጠፉ፤ የውኃውን ዕቃ ጡብ ላይ ከፍ አድርገው አስቀመጡት፤ ቤት የቀሩትን ጫጩቶች ከትልልቆቹ ለዩ። አንዷ ቄብ ሞተች። የቀሩት ግን ውለው አድረው መጫር ጀመሩ።

ከዚህ ሁሉ የከበዳቸው የኢፍቱን በር ማንኳኳት ነበር። ኢፍቱ በሩን ከፈተች።

«ልጋብዝሽ ነው የመጣሁት» አሉ ወይዘሮ የሺሐረግ። «እሑድ አንዲት ዶክተር ስለ ዶሮ ልታስተምረን ትመጣለች። ደግሞ… ዶሮዎቼን በዓይንሽ የገደልሽብኝ መስሎኝ ነበር። ይቅር በይኝ።»

«በዓይኔ?» አለች ኢፍቱ። ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ግን እንባዋ መጣ። «የሺ፣ እኔ እኮ ስሞት እንኳ የማትመጪ መስሎኝ ነበር!»

እሑድ ግቢው በሰው ሞላ። ሀኪማ ማይክሮስኮፗን ጠረጴዛ ላይ አቆመች፤ ሁሉም በየተራ ጎንበስ እያለ አየ። ዶሮን ከበሽታ መጠበቅ በንጽሕና እንደሚጀምር፣ የታመመ ዶሮ መሸጥ የሰው ቤት ማቃጠል እንደሆነ፣ ባለሙያ ሳይጠይቁ መድኃኒት መስጠትም ጉዳት እንዳለው ተረዱ። ወይዘሮ የሺሐረግና ኢፍቱ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ የማን ቤት ጉዝጓዝ መጀመሪያ እንደሚጠረግ እየተከራከሩ ነበር።